ሚልካ የሠራችው ኮምባይነር

ሚልካ ጉደታ ጌም የሚሠራ ሰው መኖሩን ያወቀችው በሃያ አምስት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ድረስ ስልክ ላይ የሚጫወቱት ነገር ሁሉ እንደ ባትሪውና እንደ ካሜራው ከፋብሪካ አብሮ የሚመጣ ይመስላት ነበር። ቆም ብላም አስባበት አታውቅም። በማኔጅመንት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ካጣች በኋላ አሰላ ውስጥ በወይዘሮ ሸዋዬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ማመልከቻ ትተይባለች፣ መታወቂያ ኮፒ ታደርጋለች፣ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች።

አንድ የግንቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ናቲ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ መጣ። ሙጫው እስኪደርቅ ወንበር ስቦ ስልኩ ላይ መጫወት ጀመረ። አንዲት ትንሽ ጀልባ ማዕበል ውስጥ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሚልካ በትከሻው በኩል ታይ ነበር።

«ማን ነው የሠራው?» አለችው፣ ወሬ ለመጀመር ያህል።

«አንድ ልጅ ነው።»

«የየት ካምፓኒ?»

«ካምፓኒ የለውም። ብቻውን ነው የሠራው። ሥዕሉንም፣ ኮዱንም፣ ሙዚቃውንም።»

ሳታምነው ስትቀር ናቲ ወደ መጨረሻው ገጽ ወስዶ አሳያት። የሠሪዎቹ ስም በሚዘረዘርበት ቦታ አንድ ስም አራት ጊዜ ተደጋግሞ ተጽፏል።

ያን ቀን ሚልካ ባጃጅ አልያዘችም። ዳገቱን በእግሯ እየወጣች ስለዚያ ሰው አሰበች። ማዕበሉን የሠራው እሱ ነው። ጀልባዋ ስትወድቅ እሷንም ያስደነገጣትን ነገር አስቦ፣ ለክቶ ያስቀመጠው እሱ ነው። ቤት ስትደርስ ወንድሟ ኤቢሳ አዳማ ሥራ ሲያገኝ ትቶት የሄደውን ላፕቶፕ ከቁም ሳጥኑ አወጣች። ባትሪው ሞቷል፤ ከሶኬት ካልነቀሉት ግን ይሠራል።

አባቷ አቶ ጉደታ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምባይነር ነድተዋል። ከኢተያ ጀምረው ሳጉሬ፣ ከሳጉሬ ባሌ፣ ስንዴው በደረሰበት ሁሉ። አምና ግን ሐኪሙ የወገባቸውን ፎቶ አይቶ «ከእንግዲህ ማሽን ላይ መንዘፍዘፍ የለም» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሎቤድ የሚባለው ረጅም የጭነት መኪና ኮምባይነር ጭኖ ባለፈ ቁጥር ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ሞዴሉን ይናገራሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

«ኤቢሳ ላፕቶፑን ላኩልኝ አለ እንዴ?» አሏት።

«አይ፣ ልሠራበት ነው። ጌም ልሠራ ነው አባዬ።»

«ጥሩ ነው» አሉ፣ ምን እንዳለች ሳይገባቸው።

የመጀመሪያው ወር ከንቱ ሄደ። ሚልካ በደብተር ላይ አሥራ አራት ገጽ ጻፈች፤ ሙሉ ከተማ፣ ገበያ ያለው፣ ሃያ ሰዎች የሚኖሩበት፣ ዝናብና በጋ የሚፈራረቅበት። በነፃ የሚገኝ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ወይዘሮ ሸዋዬን አስፈቅዳ በሱቁ ኢንተርኔት አወረደች። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የትምህርት ቪዲዮ ትከፍታለች፤ አስተማሪው ስለሚፈጥንባት ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሳ ታያለች። አንድ ነገር በገባት ቁጥር ሦስት የማይገቡ ነገሮች ይወለዳሉ። በሰኔ መጀመሪያ ከሃያዎቹ ሰዎች አንዱም አልተፈጠረም።

ከዚያ አንዱ ቪዲዮ ላይ ሰውየው እንዲህ አለ፦ «የመጀመሪያው ጌማችሁ ለሰው ለማሳየት የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ይሁን።» ሚልካ ቪዲዮውን አቆመች። ደብተሩን ዘጋች። ስክሪኑ ላይ ያላት ሁሉ አንድ ቢጫ አራት ማዕዘን ነው። ይህን ምን ላድርገው ብላ ስታስብ አባቷ በረንዳው ላይ ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማቻቸው፤ በተዘረጋ እጃቸው አየር ላይ ማሳውን ይሄዱበታል፣ ጫፍ ላይ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቢጫውን አራት ማዕዘን ቡናማ መደብ ላይ አስቀመጠች፣ የተማረችውን ኮድ ጻፈች፣ አስጀመረችው። ስህተት አለ የሚል ቀይ መስመር መጣ። አስተካክላ እንደገና ሞከረች፤ ሌላ ቀይ መስመር። አንዲት ፊደል ትንሽ መሆን ሲገባት ትልቅ ሆና ነበር፤ ያቺን ለማግኘት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት። በስድስተኛው ሙከራ ቀይ ነገር አልመጣም። ሚልካ የቀኝ ቀስቱን ተጫነች።

አራት ማዕዘኑ ሄደ። ዝም ብሎ ወደ ቀኝ ሄዶ ከስክሪኑ ወጣ።

ከወንበሯ ተነሳች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ተቀምጣ የግራውን ተጫነች። ተመልሶ መጣ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። በሕይወቷ ብዙ ነገር ተይባለች፤ የተየበችው ነገር ተነስቶ ሲሄድ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«አባዬ፣ እስቲ ና።»

አቶ ጉደታ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። «ምንድነው ይሄ?»

«ኮምባይነር ነው።»

ብዙ አዩት። ሚልካ ይስቃሉ ብላ ጠበቀች። አልሳቁም። «ዞር አድርጊው» አሉ። ዞር አደረገችው። «አይ፣ እንዲህ አይዞርም። ኮምባይነር እንደ መኪና በፊት ጎማው አይደለም የሚታጠፈው፣ በኋላው ነው። ስትዞሪ ቂጡን ወደ ውጭ ይጥላል። ይህ ያልገባው ሰው አጥር አጠገብ ሲዞር አጥሩን ይዞት ይሄዳል።»

«ቂጡን ይጥላል?»

«ይጥላል። እይ።» ተነስተው ሳሎኑ መሐል ቆሙና ደረታቸውን ሳያንቀሳቅሱ ከወገባቸው በታች ወደ ጎን ተንሸራተቱ። ወገባቸውን ያዝ አድርገው ተቀመጡ። «ገባሽ?»

ቂጡን እንዲጥል ማድረግ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሚልካ ለማትወደው ሒሳብ እንደገና ተቀመጠች፤ በአሥራ አንደኛ ክፍል «ይሄ ለምን ይጠቅመኛል» ብላ የረሳችውን የማዕዘን ትምህርት ከጎረቤት ልጅ መጽሐፍ ተውሳ አነበበች። በመሐል ኮምባይነሩ እንደ እንዝርት የሾረበት ቀን አለ፣ ወደ ሰማይ የወጣበትም ቀን አለ። በዘጠነኛው ቀን ጫፍ ላይ ደርሶ ሲዞር ኋላው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። አቶ ጉደታ ጭናቸውን መቱ። «እሱ ነው» አሉ። «ራሱ ነው።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጌሙ የሁለቱ ሆነ።

ችግሩም ከዚያው ጀመረ። አቶ ጉደታ ጠዋት ቁርስ ላይ ይጀምራሉ። ድንጋይ ይኑር። በግ ይግባ። ቀበቶው ይበጠስ፤ ሲበጠስ መካኒክ ከኢተያ ይጠራ። ሁለት ገበሬዎች «የኔ ይቅደም» ተባብለው ይጣሉ። ነዳጅ ይለቅ። በረዶ ይጣል። ከኮምባይነሩ ኋላ የሚቃርሙ ሴቶች ይምጡ። ሚልካ እየጻፈች፣ እየሞከረች፣ በሐምሌ አጋማሽ ላይ ኮምባይነሩ በበግ ውስጥ አልፎ የሚሄድበት፣ በረዶው ከምድር ወደ ላይ የሚዘንብበት አንድ የተመሰቃቀለ ነገር ተገኘ።

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ካስገባሁ ጌሙ አይወለድም» አለች አንድ ጠዋት።

«እውነት ካልሆነ ምን ያደርጋል?»

«እውነት ሆኖስ ካላለቀ ምን ያደርጋል?»

አቶ ጉደታ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ሁለት ቀን ስለ ኮምባይነር አልተነሳም። እናቷ ወይዘሮ የሻረግ፣ አራተኛ ክፍል የሚያስተምሩት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ «ሁለት ሕፃን አሳድጋለሁ» አሉ። በሦስተኛው ቀን አቶ ጉደታ ወደ ልጃቸው ክፍል መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጌሙ ስንት ነገር ነው የሚችለው?»

«ሦስት» አለች ሚልካ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። «ሦስት ምረጥ።»

ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ከከተማው ወጥተው እስከ ማሳዎቹ ድረስ ተራምደው እንደነበር ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ይናገራል። ተመልሰው ሲመጡ ጣታቸውን እየቆጠሩ ነበር። «ፍጥነት። የመቁረጫው ከፍታ። ደመና።»

«ድንጋዩን ተውከው?»

«አልተውኩትም። ድንጋዩ መቁረጫው ውስጥ አለ። በጣም ዝቅ ካደረግሽው ድንጋይ ያገኛል፣ በጣም ከፍ ካደረግሽው ዛላውን ትቶ ያልፋል። ፍጥነትም እንደዚያው ነው። ከሮጥሽ እህሉ በኋላ ይፈሳል፣ ከተንቀረፈፍሽ ደመናው ይደርስብሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ይሄንኑ ነው። ሌላው ወሬ ነው።»

የቪዲዮ አስተማሪዎቹ አንድ ወር ሊያስረዷት የሞከሩትን አባቷ በሦስት ጣት ጨረሱት። በጎቹን አጠፋች። በረዶውን አጠፋች። የሚጣሉትን ገበሬዎች እያዘነች አጠፋች። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ጠዋት ሱቅ ከመሄዷ በፊት አንድ ሰዓት ትሠራለች። ሱቅ ውስጥ ወረቀት እስኪወጣ ድረስ ደመና ትሥላለች። ወይዘሮ ሸዋዬ አንድ ቀን ስክሪኑን አይተው «ደመናሽ ጥጥ ነው የሚመስለው፣ ዝናብ ያዘለ ደመና ታቹ ይጠቁራል» አሏት፤ ታቹን አጠቆረችው።

ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው ሙሉ ጨዋታ ተደረገ። ማሳው አንድ ነው፤ ደመናው ከጭላሎ ተራራ በኩል ይመጣል፤ ሳይዘንብ አጭዶ መውጣት ነው። አቶ ጉደታ ቀድመው ተቀመጡ። ቁልፎቹ ለጣታቸው ትንሽ ነበሩ፣ ቢሆንም ጨረሱ፤ ዘጠኝ ኩንታል ባከነ። ቀጥሎ ወይዘሮ የሻረግ ተቀመጡ። በሕይወታቸው ኮምባይነር ላይ ወጥተው አያውቁም። ሁለት ኩንታል ብቻ ባከነባቸው።

«እንዴት?» አሉ አቶ ጉደታ።

«አንተ ስታወራ ሃያ ስምንት ዓመት ሰምቼ የለም እንዴ?»

«ይሄ ማሽን አያውቀኝም» ብለው አቶ ጉደታ ወንበሩን አስለቅቀው እንደገና ገቡ። ያን ቀን ምሳ በአሥር ሰዓት ተበላ።

ጥቅምት ላይ ናቲ ሱቅ መጥቶ አዳማ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቀን እንዳለ ነገራት። «ውድድር አይደለም፣ ጠረጴዛ ይሰጡሻል፣ ሰው መጥቶ ይጫወታል» አላት። ሚልካ ለሦስት ቀን አልሄድም ስትል ቆየችና ተመዘገበች። አቶ ጉደታ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰው «ላፕቶፑን ማን ይሸከምልሻል» ብለው ተከተሏት። ሚኒባሱ ኢተያን ሲያልፍ በመስኮቱ ስንዴውን እያዩ «ለአጨዳ አሥራ አምስት ቀን» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው «የዚያኛው ሃያ» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ስለ ምን እንደሚያወሩ ሳይጠይቅ ራሱን ነቀነቀ።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ያህል ጠረጴዛ ነበር። ወጣቶቹ ሁሉ ብዙ የሚያውቁ መሰሏት። የአንዱ ጌም ውስጥ መኪና ይበራል፣ የሌላው ውስጥ አንዲት ልጅ ከጣሪያ ጣሪያ ትዘላለች። ሚልካ ላፕቶፑን ሶኬት አጠገብ አስቀምጣ ጠበቀች።

የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሹሩባ የተሠራች ተማሪ ነበረች። ተቀምጣ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻ ሰጠችው። እህሉ በኋላ ፈሰሰ፣ መቁረጫው ድንጋይ መታ፣ ማሽኑ ቆመ። ሃያ ሰከንድ አልሞላም። እንደገና ሞከረች፤ ያው ሆነ። «ሥዕሉ ያምራል» አለች ልጅቱ በጨዋነት። «ግን ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።» ተነስታ ሄደች። ከእሷ በኋላ ሌላ መጣ፣ ከእሱ በኋላ ሌላ። አሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ፤ አሥራ አንዱም አንድ ዙር እንኳ ሳይዞር ተነሳ። አንዱ ከት ብሎ ስቆ ጓደኛውን «ስንዴ ማጨድ ይሄን ያህል ከባድ ነው?» አለው። የሚልካ ጆሮ ጋለ። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ ስንዴ የሚያውቅ መሆኑን ረስታው ነበር። ላፕቶፑን ዘግታ የምትሄድበትን ሰበብ ማሰብ ጀመረች።

አሥራ ሁለተኛው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነበር። ሲቀመጥ አቶ ጉደታ ሌላ ወንበር ጎትተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሚልካ «አባዬ ተወው» ልትል ነበር፤ አልደረሰችም።

«ሱታ፣ ልጄ» አሉት። «ቀስ። ስንዴው አይሮጥብህም።»

ሰውየው ጣቱን ከፍጥነቱ ላይ አነሳ።

«እንዲህ። አሁን መቁረጫውን ትንሽ ዝቅ። ዛላው እንዲገባልህ ነው፣ አፈሩን አይደለም የምትፈልገው። አዎ። አሁን ደመናውን አትየው። አያለሁ ካልክ ትሮጣለህ። እኔ አይልሃለሁ፣ አንተ ፊትህን እይ።»

«ጫፍ ላይ ልደርስ ነው አባባ።»

«ከመድረስህ በፊት ዙር። ቂጡን ይጥላል፣ ቦታ ስጠው። ጎሽ። አሁን ትንሽ ልቀቀው፣ እዚህ ጋ ስንዴው ሳሳ ብሏል፣ ይችላል።»

ጎልማሳው ደመናው ከመድረሱ አራት ሰከንድ በፊት ጨረሰ። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሳ፤ ከኋላው የቆሙ ሁለት ልጆች አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ አልቀዘቀዘም። ያቺ ሹሩባ የተሠራችውም ተመልሳ መጣች። በዘጠኝ ሰዓት ከሚልካ ጠረጴዛ ፊት ያለው ሰልፍ እስከ በሩ ደረሰ። አቶ ጉደታ ኮታቸውን አውልቀው ሻያቸውን ረስተው፣ ለአንዱ በአማርኛ ለሌላው በኦሮምኛ፣ «ሱታ» እና «አሁን ልቀቀው» ሲሉ ዋሉ።

ሚልካ መጀመሪያ ላይ ተናዳ ነበር። ጌም ሠሪው አጠገብ ተቀምጦ የሚያስረዳው ጌም ምን ዓይነት ጌም ነው? ቆይታ ግን የአባቷን አፍና የተጫዋቾቹን ጣት እያፈራረቀች ማየት ጀመረች። አንድ ነገር ሲናገሩ ጣቱ ይለወጣል፤ አንድ ሰከንድ ቢዘገዩ አይረባም፣ ቀድመው ቢናገሩ አይሰማም። ጌሟ የጎደለው ነገር አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ የሚሉትን ሁሉ፣ መቼ እንደሚሉትም ጭምር መጻፍ ጀመረች። ወደ አሰላ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ስድስት ገጽ ሞልቶ ነበር።

«ድምፅህን እፈልገዋለሁ» አለቻቸው።

«ለምን?»

«ጌሙ ውስጥ ልታስገባህ ነው ልጅህ።»

በማግስቱ ክፍሏ ውስጥ ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ስልኳን መጽሐፍ ላይ አስደግፋ አባቷን አስቀመጠች። አቶ ጉደታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «የተከበራችሁ ተጫዋቾች፣ በቅድሚያ ስለ ፍጥነት አጠቃቀም...» ብለው ጀመሩ። ሚልካ አቆመችው። ደጋግመው ሞከሩ፤ በየጊዜው የቀበሌ ስብሰባ መሰሉ። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ሚልካ እናቷን ጠርታ ጌሙ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ስልኩንም በአባቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ቋጠሮው ተፈታ። ወይዘሮ የሻረግ ሆን ብለው እየተሳሳቱ ነዱ፤ አቶ ጉደታ መከሩ፣ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አመሰገኑ። ከዚያ ውስጥ ስልሳ አራት ዓረፍተ ነገር ወጣ። «ኧረ አንቺ ሴት ማሽኑን ልትገድይው ነው» የሚለውን ግን ወይዘሮ የሻረግ አስወጡት።

ኅዳር ሲገባ ሚልካ ጌሙን ለስልክም እንዲሆን አስተካክላ በነፃ እንዲወርድ ለቀቀችው። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰው አወረደው፤ ስድስቱን በስም ታውቃቸዋለች። በአራተኛው ቀን ቁጥሩ መቶ አለፈ። ምክንያቱን ያወቀችው የአባቷ የድሮ ባልደረባ ቶላ ከኢተያ ፎቶ ሲልክ ነው። የአጨዳ ወቅት ነው፤ ኦፕሬተሮቹ ጤዛው እስኪደርቅ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ድረስ ሥራ አይጀምሩም። ፎቶው ላይ አራት ሰዎች እውነተኛው ኮምባይነር መሰላል ላይ ተደርድረው፣ አንገታቸውን አስግገው አንድ ስልክ ያያሉ። ቶላ ከሥሩ ጽፏል፦ «ጉደታ አሁንም ይጮህብናል።»

አቶ ጉደታ ያን ፎቶ ሱቅ ወስደው በትልቁ አሳተሙት። ወይዘሮ ሸዋዬ በራሳቸው ፈቃድ ላሚኔት አደረጉላቸው።

በጥር ወር አንድ ቀይ ረጅም ሰው ሱቁ ገባ። ሙንተሲር እባላለሁ አለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የእርሻ መሣሪያ ማሠልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ነው። «አርባ ሠልጣኝ አለኝ፣ ኮምባይነር ግን አንድ ነው» አላት። «አንዱ ልጅ መሪ የሚጨብጠው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ተራው እስኪደርስ ያንቺን ጌም ቢጫወት ብዬ ነው።»

ሚልካ ደነገጠች። «እሱ እኮ ጌም ነው። እውነተኛውን አያስተምርም።»

«አውቃለሁ። ግን የኋላው አዟዟር ልክ ነው። እሱን ሳይ ነው የመጣሁት። ይሄን ማን ነገረሽ?»

«አባቴ።»

«ድምፁ የሳቸው ነው?»

«የሳቸው ነው።»

ሙንተሲር ፈገግ አለ። «እንግዲያው እሳቸውንም ይዘሽ ነይ።»

የማሠልጠኛው ኮምፒዩተር ክፍል አሥራ ሁለት ኮምፒዩተር ነበረው። የጆሮ ማዳመጫ የለም። ሚልካ ጌሙን በየአንዳንዱ ላይ ስትጭን ሙሉ ጠዋት ፈጀባት፤ ተቻኩላ ስለነበር የአንዱን ገመድ ሁለት ጊዜ ነቀለችው። ሠልጣኞቹ ገቡ፤ ከጮሌ የመጡ፣ ከሳጉሬ የመጡ፣ ሴቶችም አሉ። አቶ ጉደታ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ሙንተሲር «ጀምሩ» አለ።

አሥራ ሁለት ጉደታ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። አንዱ «ሱታ፣ ልጄ» ይላል፣ ሌላው «መቁረጫውን ዝቅ» ይላል፣ ሦስተኛው ይቆጣል፣ በጥግ ያለው «ጎሽ» ይላል። ክፍሉ በአንድ ሰው ድምፅ ተሞልቶ ገበያ መሰለ። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመና ሁሉም ወደ ስክሪናቸው አጎነበሱ። አንዲት ልጅ ሳይታወቃት ከወገቧ በታች ወደ ጎን እየተንሸራተተች ትዞር ነበር።

ሚልካ አባቷን ልታይ ዞረች። አቶ ጉደታ ግንባራቸውን ቋጥረው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሄዱ ራሳቸውን ያዳምጡ ነበር። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ቆሙ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። ከዚያ ወደ እሷ መጡ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«የተኛው ስንዴ ላይ። "ዝቅ አድርገህ እለፍ" ብያለሁ። በየት በኩል እንደሚገባ አልነገርኳቸውም። ነፋስ ያስተኛውን ስንዴ በዛላው በኩል ነው የምትመጪበት፣ በሥሩ በኩል ከመጣሽ ተኝቶ ያልፍሻል። እነዚህ ልጆች ነገ እውነተኛ ማሳ ላይ ሊወጡ ነው። መልሰን እንቅዳው።»

«ቤት ስንሄድ...»

«አሁን።»

ጸጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ክፍሉ ይጮሃል፣ ግቢው ውስጥ ትራክተር ይሠራል። ሙንተሲር አሰበና በመጋዘኑ ጥላ ሥር ወደቆመው የማሠልጠኛው ኮምባይነር ጠቆመ። «የኦፕሬተሩ ክፍል መስታወት አለው፣ ሲዘጋ ድምፅ አያስገባም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ሞተሩ አይነሳም፤ አትስጊ።»

አቶ ጉደታ መሰላሉን ቀስ እያሉ ወጡ። ሚልካ ከኋላ ኮታቸውን ደግፋ ተከተለች። ከሁለት መኸር ወዲህ ማሽን ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸው ሳይጠየቅ መሪው ላይ አረፈ። ሚልካ አጠገባቸው ባለው ጠባብ መቀመጫ ላይ ተሸጉጣ በሩን ዘጋች። የውጭው ጫጫታ ድንገት ጠፋ። በመስታወቱ ውስጥ ታች ያለው ግቢ፣ ከአጥሩ ባሻገርም የታጨደው ማሳ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ይታያል። እንዲህ ከፍ ብላ አይታው አታውቅም። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያዩት የነበረውን ነው የምታየው፤ ጌሟ ውስጥ ደግሞ ማሳውን እንደ ወፍ ከላይ ነው የሣለችው። የሚቀጥለውን ከዚህ ወንበር ሆኜ ነው የምሠራው ብላ አሰበች።

«ጀመርሽ?» አሉ አቶ ጉደታ።

ስልኩን አስጠጋችላቸው። «ጀምሬአለሁ።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ማሳው አድርገው፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እንደሚነዳ ሁሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቆይ ልጄ» አሉ። «ከመግባትህ በፊት ማሳውን ዙረውና እየው፣ ስንዴው ዛላውን ወደየት አስተኝቷል?»